የማትመጣዋ አውሮፕላን

አንጁሎ የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ሆኖ ሲቀጠር ሦስት ነገር ተሰጠው፤ ፊሽካ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ፣ እና ሁለት ቁጥር የሚሰፋው ቡትስ ጫማ። ሜዳውን ከሌባ የሚጠብቅ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አንጁሎ የሚጠብቀው ከከብት ነበር። ሜዳው የተዘረጋው ከተማው እምብርት ላይ ነው፤ ዙሪያውን ቤትና ሱቅ ከቦታል፤ እንደሱ የሚለመልም ሣር ደግሞ በአካባቢው የለም። ስለዚህ የጂንካ ላም ሁሉ ለእሷ ተብሎ የተሠራ ግጦሽ ይመስላታል። ማክሰኞና ቅዳሜ ዳኮታ የምትባለዋ አውሮፕላን ስትመጣ ላሙንም፣ አህያውንም፣ ኳስ ተጫዋቹንም፣ በመሀል አቋርጦ ገበያ የሚሄደውንም ጠራርጎ ማስወጣት የእሱ ፋንታ ነበር።

ሥራውን ይወድ ነበር። "ያን የሚያህል ብረት እኔ እሺ ካላልኩት መሬት አይነካም" ይላታል ሚስቱን አረጋሽን።

"አንተ እሺ የምትለው ለብረት ብቻ ነው" ትለዋለች። "እኔ እንጨት ፍለጥልኝ ስልህ እሺ ብለህ አታውቅም።"

ነገሩ የጀመረው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። አንጁሎ ከተራራው ማዶ የሞተር ድምፅ ሰማ። ፊሽካውን ነፋ፣ ከብቱን አባረረ፣ ዘንጉን ይዞ ቆመ። አውሮፕላን የሚባል ነገር አልመጣም። "ደመና አይታ ተመልሳ ይሆናል" አለ። በማግስቱም ሰማ። ሳምንት ሳይሞላ በቀን ሁለት ሦስቴ ትመጣበት ጀመር። ቆየት ሲል ደግሞ በሞተሩ ድምፅ ላይ የአብራሪው ድምፅ ተጨመረ፤ "አንጁሎ! ሜዳውን አጽዳልኝ! ምን ትገተራለህ!" እያለ ይጮህበታል። የሚጮህበትም በአንጁሎ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በአሪኛ ነው። አሪኛ የሚናገር አብራሪ ከየት እንደተገኘ አንጁሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ከተማው መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ የቆመው አንድ እሑድ፣ ሰርገኞች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሜዳውን ያቋረጡ ዕለት ነው። አንጁሎ ዘንጉን ይዞ እየሮጠ ደረሰባቸው። "ተኙ! ክንፏ አንገታችሁን ይቆርጠዋል! ተኙ!" ዓይኑን ሲያዩት ፈሩና ተኙ። ሙሽራዪቱም ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ዝናብ ያጨቀየው ሣር ላይ በሆዷ ተኛች። ሩብ ሰዓት ያህል ሣር ሲያሸቱ ከቆዩ በኋላ ሚዜዎቹ ተነሥተው አንጁሎን በገዛ ከረባታቸው አሰሩት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ጸለዩለት። በአራተኛው ቀን ወንጌላዊው አረጋሽን ጠሩና "ጸሎቱን እኛ አናቋርጥም። አንቺ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው" አሏት።

ማክሰኞ ዳኮታዋ ስታርፍ አንጁሎ በሁለት ዘመዶቹ ተደግፎ መሰላሉ ሥር ደረሰና አልወጣም ብሎ ቆመ።

"አረጋሽ፣ ይቺ እውነተኛዋ ናት?"

"ዳስሳት" አለችው።

የአውሮፕላኗን ሆድ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፤ ዘይት ዘይት ይላል። "እውነት ናት" አለና ወጣ።

አዲስ አበባ ላይ የተቀበለችው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ብዙወርቅ ትባላለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሰው ሲናገር እርሳሷን አስቀምጣ የምታዳምጥ ሴት ናት።

"አሁንም ይሰማዎታል?" አለችው።

አንጁሎ ጆሮውን ቀሰረ። "ይሰማኛል። ግን ይሄ አዲስ አበባ ነው፤ የሚያልፈው ብዙ ነው። የትኛዋ የኔ እንደሆነች አልለየሁም።"

ዶክተር ብዙወርቅ በመስኮቱ አንጋጠጠች። እውነትም አንዲት አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ እያለች ነበር። "ይቺን እንኳ እኔም ሰምቻታለሁ" አለች። አንጁሎ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሰባት ሳምንት ተኝቶ ታከመ። ሲወጣ በየቀኑ ሦስት ክኒን ታዘዘለት፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። የመድኃኒቱ ስም ክሎርፕሮማዚን ነው፤ አንጁሎ ግን አፉ ላይ አልገባለት ስላለ "ክሎሮ" ብሎ አሳጠረው። ዶክተሯ በየሦስት ወሩ ወደ ደቡብ እየወጣች ሕሙማኗን ታይ ስለነበር ጂንካም እንደምትመጣ ነገረችው። "እስከዚያ ክኒኑን እንዳያቋርጡ" አለች። እሱም አላቋርጥም ብሎ ማለ።

አላቋረጠምም። ክሎሮም ሥራዋን ሠራች፤ የማትመጣዋ አውሮፕላን ድምፅዋ ጠፋ፣ አሪኛ ተናጋሪው አብራሪም አፉን ዘጋ። ችግሩ፣ ከነሱ ጋር አንጁሎም አብሮ ሊዘጋ መድረሱ ነው። አፉ ደርቆ ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። ፀሐይ ፊቱን እንደ እሳት ትለበልበዋለች። እግሩን ከመሬት ማንሣት ታክቶት ቡትሱን እየጎተተ ይሄዳል። ቆሞም ይተኛል፣ ቁጭ ብሎም ይተኛል፣ አንዴ እንዲያውም የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን ለድጋፍ እንዳወጣ ተኝቶ፣ ለተቃውሞም ለድምፀ ተአቅቦም አብሮ ተቆጥሯል። ላሞቹ ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። በተለይ የባለሱቋ የወይዘሮ ኸዲጃ ዳለቻ ላም ከአጠገቡ ቆማ ላብ የጠጣውን እጅጌውን ትልሰው ጀመር።

ሦስት ወሩ ሞልቶ ዶክተሯ የምትመጣበት ማክሰኞ ደረሰ። መርሻ፣ ማለትም ትኬት የሚቆርጠውና የአውሮፕላኑን ሬዲዮ የሚቀበለው የጎጃም ሰው፣ ከቢሮው ብቅ ብሎ "አንጁሎ! አሥር ደቂቃ ቀራት!" ብሎ ጮኸ። አንጁሎ የነፋስ ማሳያው ግንድ ሥር በርሜል ላይ ተቀምጧል። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። ተኝቷል። በተነፈሰ ቁጥር ፊሽካው በቀጭኑ "ፊ... ፊ..." ይላል። ፊት ለፊቱ ሠላሳ የሚሆኑ ከብቶች ተረጋግተው ይግጣሉ።

ዳኮታዋ መጣች። ዝቅ አለች፣ ከብቶቹን አየችና ተመልሳ ወጣች። ዞረች። እንደገና ዝቅ አለች። መርሻ ባርኔጣውን እያውለበለበ ላም ማባረር ያዘ፤ ባርኔጣ የምትፈራ ላም ግን ጂንካ ውስጥ አልነበረችም። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ጥለው ወጡ፣ መምህራን ወጡ፣ ወይዘሮ ኸዲጃ ራሷ ዳለቻዋን በስሟ እየጠራች ሮጠች። አውሮፕላኗ ስድስት ጊዜ ከዞረች በኋላ አረፈች። አንጁሎን የቀሰቀሰው የጎማው ድምፅ ነው።

ከመሰላሉ መጀመሪያ የወረደችው ዶክተር ብዙወርቅ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ያስመለሰችበትን የወረቀት ከረጢት የት እንደምትጥለው ጨንቋታል።

"አቶ አንጁሎ" አለች በደከመ ድምፅ፣ "ምን ሆነው ነው?"

አንጁሎ አማርኛን የተማረው አድጎ ነው፤ "እርስዎ" የሚለውን ደግሞ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ የለመደው በመሆኑ ሲናደድ መጀመሪያ የሚጠፋበት እሱ ነበር። "ምን ሆነህ ትያለሽ እንዴ? ያስተኛሽኝ አንቺ ነሽ! ሦስት ጊዜ ዋጥ አልሽኝ፣ ዋጥኩ! አፌ ደረቀ፣ እግሬ ከበደ፣ ላም ልብሴን በላች! የማትመጣዋን አጠፋሽልኝ፤ የምትመጣዋንም አብረሽ አጠፋሻት!"

"በእርስዎ ተናገር እንጂ!" ብሎ መርሻ ደነገጠ።

ዶክተር ብዙወርቅ ግን ሣሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። "እውነቱን ነው" አለች፤ "በራሴ ማዘዣ ነው ሰማይ ላይ ስንከራተት የቆየሁት። ይምጡ፣ አጠገቤ ይቀመጡና ሁሉንም ከሥሩ ይንገሩኝ።"

አንጁሎ ተቀመጠ። ነገራትም። መነጽሯን አጥልቃ ምላሱን፣ እጁን፣ አስነሥታም አረማመዱን አየች። ሲጨርስ "ለምን በደብዳቤ አላሳወቁኝም?" አለችው።

"ሐኪም ያዘዘው ነገር ላይ ምን አገባኝ ብዬ።"

"እንዴት አያገባዎትም? የሚውጡት እርስዎ ነዎት! እኔ መጽሐፍ አይቼ እጀምራለሁ እንጂ፣ ለአንጁሎ ስንት ይበቃዋል የሚል መጽሐፍ የለም። ያንን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

አንጁሎ ወደ እግሩ አየ። "ቡትስ ሲሰጡኝም ልኬን አልጠየቁኝም" አለ።

"በቃ እሱ ነው። ልክዎን አብረን እንፈልጋለን። ሲበዛ እውነተኛዋንም አይሰሟት፣ ሲያንስ ደግሞ ሐሰተኛዋ ትመለሳለች። የምንፈልገው የምትመጣዋን ብቻ የሚያሰማ ነው።"

እዚያው ሣር ላይ ተስማሙ። ክኒኑ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አንጁሎ አውሮፕላን በሰማ ቁጥር መርሻን "ሰምተዋል?" ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ነገር ካለ አረጋሽ ትጽፋለች፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከቆጠሩት መሀል አንደኛ ወጥታ ሳሙና ተሸልማ ነበርና። ደብዳቤውን አብራሪው ያደርሳል። እውነተኛው አብራሪ ማለት ነው።

ሁለቱ ክኒን መልካም ሆነ። አፉ ምራቅ አገኘ፣ እግሩ ተነሣ። ጠዋት ጠዋት ድብት ቢለውም ላሞቹ እንደገና ይፈሩት ጀመር። እንዲህ ደህና ሲሆን ግን አንጁሎ ልቡ አበጠ። "ድኛለሁ፤ የዳነ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል?" አለ ለራሱ። ለአረጋሽ አልነገራትም። ለዶክተሯም አልጻፈም። የጠዋቷን ክኒን ምላሱ ሥር ደብቆ ይወጣና ጓሮ ከጎደሬው ሥር እንትፍ ይላታል።

በሁለተኛው ሳምንት አረጋሽ በር ላይ ቆማ አውራ ዶሮዋን ስታይ ግራ ገባት። ዶሮው ጎህ ሲቀድ አልጮኸም። አሁን ረፋድ ላይ አፉን ከፍቶ፣ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ቀስ ብሎ ግቢውን ያቋርጣል። ሦስት እርምጃ ይሄድና ቆሞ ዓይኑን ይከድናል።

"ይሄን አረማመድ የት ነው የማውቀው?" አለች። አሰበችና ወደ ቤት ዞረች። "አንጁሎ!"

አንጁሎ አልካደም። እንዲያውም ሲጠየቅ ቀለለው። ከሦስት ቀን ወዲህ የማትመጣዋ አውሮፕላን ማለዳ ማለዳ ከሩቅ እየተሰማችው፣ መርሻን መጠየቅ ፈርቶ ለብቻው ተጨንቆ ነበር። አረጋሽ አልተቆጣችም። ፊቱን አየችው፣ ውኃ አጠጣችው፣ ከዚያ ደብተር አወጣችና ጻፈች።

"ለክብርት ዶክተር ብዙወርቅ። ለጤናዎ እንደምን አሉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ባሌ የማታውን ክኒን እየዋጠ የጠዋቱን ለዶሮ ሲያበላ አግኝቼዋለሁ። የማትመጣዋ አውሮፕላን በጠዋት ከሩቅ ትሰማዋለች። አብራሪው ግን ገና አልተናገረውም። ጠዋት የሚውጣት እንቅልፍ ታመጣብኛለች ይላል። ዶሮው ምንም አይሰማም፣ ምንም አይልም። ምን እናድርግ።"

መልሱ በቅዳሜዋ ዳኮታ መጣ። "ወይዘሮ አረጋሽ፣ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አቶ አንጁሎ እንዳይወቀሱ፤ ደህና ሲሆን ክኒኑን የሚተው ብዙ ሰው ነው። ሁለቱንም ክኒን በአንድ ላይ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጡ፣ ጠዋት ምንም አይዋጥ። እንቅልፉ በመኝታቸው ያልቃል። ድምፁ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ይጻፉልኝ። ዶሮው ማዘዣ አያስፈልገውም፤ በራሱ ይድናል።"

ድምፁ በአሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ዶሮው ቀድሞት በአራተኛው ቀን ጮኸ።

ከዚያ ወራት አለፉ። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከብቱ ሜዳው ላይ ተበትኖ፣ መርሻ ቢሮው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ አንጁሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሞተር ነው። ከደቡብ፣ ከኦሞራቴ በኩል።

የሐሙስ አውሮፕላን የለም። ትናንት ማታ ሁለቱንም ክኒን ውጧል፤ አረጋሽ ፊት ነው የዋጠው። ወደ መርሻ ሄደ።

"ጋሼ መርሻ፣ ሰምተዋል?"

መርሻ አዳመጠ። መርሻ አንድ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። "አልሰማሁም" አለ። "ሬዲዮውስ?" አለው አንጁሎ። የሬዲዮው ባትሪ ቻርጅ እንዲደረግ ወፍጮ ቤት ሄዷል። መርሻ ተነሣና ክንዱን በቀስታ ያዘው። "አንጁሎ፣ ወንድሜ፣ ና እዚህ ጥላው ላይ ቁጭ በል። ለአረጋሽ እልካለሁ።"

አንጁሎ ሊቀመጥ ነበር። ሁሉም እንደገና ሊጀምር ነው ማለት ነው፤ ሰርገኞች፣ ከረባት፣ የሰው ዓይን። ዓይኑን ከመርሻ ሲያሸሽ ግን የወይዘሮ ኸዲጃ ዳለቻ ላም ላይ አረፈ። ላሟ መጋጧን አቁማለች። ቀና ብላ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ወደ ደቡብ አዙራለች። ከጎኗ ያለችው ጥቁሯም እንደዚያው። የማትመጣዋ በመጣች ቁጥር ላሞቹ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ያኔ ቀና ሲሉ የሚያዩት እሱን ነበር፤ ምን ሆነ እንደማለት።

"ጋሼ መርሻ፣ ያቺን ላም ይዩአት።"

"ላሟ ምን ሆነች?"

"እሷም ሰምታለች። ላሟ ደግሞ አላበደችም።"

"አንጁሎ..."

"ካልመጣች ከተማው ይስቅብኝ፣ እኔም ለዶክተር አጽፋለሁ። ከመጣች ግን ላሞቹ መሀል ነው የምትወርደው። የቱ ይሻላል?"

መርሻ ክንዱን ለቀቀው። አንጁሎ ፊሽካውን ነፋ። ሠላሳውን ከብት፣ ሁለት አህያ፣ ጨው ተሸክመው የሚያቋርጡ ሦስት ነጋዴዎችንም አስወጣ። ሰው ከየሱቁ ብቅ አለ። "አይ አንጁሎ፣ ያው ጀመረው" የሚል ድምፅ ሰማ፤ የእውነት ሰው ድምፅ ነው፣ የሱቁ በር ላይ ቆሞ አይቶታል። ሜዳው ባዶ ሆነ። አንጁሎ ዘንጉን ይዞ ቆመ። ምንም የለም። እንደገና ምንም የለም።

ያኔ ከኮረብታው በላይ አንዲት ነጥብ ታየች። ነጥቧ ክንፍ አወጣች። ትንሽ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነበረች፤ አንዴም ሳትዞር በቀጥታ ወርዳ አረፈች። አብራሪው በሩን በርግዶ "ቶሎ! ሰው አምጡ!" አለ። ከኋላው ሁለት ቀን ምጥ የያዛት፣ ከኦሞራቴ የመጣች የዳሰነች ብሔረሰብ ሴት ተኝታለች። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ተረፉ።

መርሻ ባርኔጣውን አውልቆ አንጁሎ አጠገብ ቆመ። "የግራ ጆሮዬ አይሰማም" አለ። "ይሄን ለሰው እንዳትነግር።"

"ለሐኪም ይንገሩት" አለው አንጁሎ።

በሚቀጥለው ወር ዶክተር ብዙወርቅ ስትመጣ ሜዳው ተጠርጎ ጠበቃት። የላሟን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ሁለቴም ጻፈችው። አንጁሎ ጊዜው ተመቸኝ ብሎ "እንግዲህ ወደ አንድ ተኩል እንውረድ" አላት።

"አይሆንም። ክረምቱ ይለፍ።"

"አንድ ከሦስት ሩብ?"

"አቶ አንጁሎ፣ ይሄ ጎደሬ ገበያ አይደለም! ክረምቱ ይለፍና መስከረም ላይ ግማሽ ክኒን እንቀንሳለን። ድምፁ ከመጣ እንመልሳለን። ተስማማን?"

"መስከረም ስንት ቀን?"

"አሥራ አምስት።"

"ተስማማን።"

ወደ ጤና ጣቢያው ቦርሳዋን ይዞላት ሄደ። በረንዳው ላይ ከካኮ ከተማ የመጣ ኤርሳዶ የሚባል ወጣት መምህር ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። ባለፈው ጊዜ የታዘዘለትን ክኒን ሲውጥ ቆይቶ አሁን አልውጥም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ዶክተሯ ልትናገር ስትል አንጁሎ ቀድሟት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"አንተ መምህር፣ አፍህ ይደርቃል?" አለው።

ኤርሳዶ ፊቱን ሳያዞር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እግርህስ?"

"ይከብደኛል" አለ ኤርሳዶ ለግድግዳው። "ጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍም አቃተኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።"

"ይሄንን ለዶክተሯ ነግረሃታል?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

አንጁሎ ዶክተሯን አያት። ዶክተር ብዙወርቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እርሳሷንም ጉልበቷ ላይ አኖረች። "እጅዎን ያሳዩኝ" አለችው። ኤርሳዶ ከግድግዳው ቀስ ብሎ ዞረና ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።